የማር ነጋዴዋ የሞተር ዘይት

ቡሬ፣ መስከረም 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለወንዳወቅ
ዊኒፔግ፣ ካናዳ

እንደምን ከርመሃል? በዚያ በበረዶ አገር ጤናህን ጠብቆ፣ ከሰው ፊት ሳያሳፍር ያኖረህ አምላክ ይመስገን። እኔ አክስትህ አቻምየለሽ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። እናትህ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በእኔ በር ታልፋለች፤ ያንተንም ስም ሳታነሳ አትሄድም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። መኪና ገዛሁ። ካላመንክ መልሰህ አንብበው፣ መኪና ነው ያልኩህ። የናፍጣ ፒክአፕ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ስለሆነ እኔም ዳማ ብያታለሁ። ባለቤቴ ቸኮለ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ከሞተ ወዲህ በማርና በበርበሬ ንግድ ያጠራቀምኩት ሁሉ አሁን ደጄ ላይ በአራት ጎማ ቆሟል። ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማያት እሷን ነው፤ ልቤ እንዴት እንደሚሞላ አልነግርህም።

ደስታዬን ግን ሁሉም አልወደደውም። ዋርሳዬን አስናቀውን፣ የቸኮለን ታናሽ ወንድም፣ ታስታውሰዋለህ። በማርያም ማኅበራችን ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ይቺ መኪና ለፋሲካ ጎማዋን ታወልቅና ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ እኔ እገዛታለሁ፤ የሴት ነገር ነው» አለ። የእኔ ተራ ስለነበረ ጽዋው በእጄ ነበር። «የሰከላን ማር ጭና፣ የዓባይን በረሃ ወርዳ ወጥታ፣ ከፋሲካ በፊት አዲስ አበባ ካልገባች አንተ በጠራኸው ዋጋ ውሰዳት» አልኩት። በጽዋ ፊት የወጣ ቃል ነውና መልሼ የምውጠው አይደለም። ቄሱም ሰምተዋል፣ ማኅበርተኛውም ሰምቷል።

ችግሬ ዘይቱ ነው። የሸጠልኝ ሰው፣ «ይህን ሞተር የሚያኖረውም የሚገድለውም ዘይቱ ነው» ብሎኝ ሄደ። ደረሰ የሚባለው ሾፌሬ አንድ ቁጥር ይጠራል፣ ፍኖተ ሰላም ያለው ባለሱቅ ሌላ ቁጥር ይጠራል። አንተ የምትውለው ከማሽን ጋር ነውና የትኛውን ልግዛ? ገንዘብ እንዳትልክብኝ። ቁጥሩን ብቻ ላክልኝ።

በሄድክበት ፊትህ ይብራልህ።
አክስትህ አቻምየለሽ


ዊኒፔግ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእቴቴ አቻምየለሽ
ቡሬ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። እኔ በእርስዎና በእናቴ ጸሎት ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «መኪና ገዛሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳላስበው ጮህኩ። ፈረንጆቹ ደንግጠው ከበቡኝ። «አክስቴ መኪና ገዙ፣ ማር ሸጠው ነው የገዙት» አልኳቸው። ያን ቀን ከእኔ የኮራ ሰው በዚህ ከተማ አልነበረም።

ስለ ዘይቱ ደግሞ ትክክለኛውን ሰው ነው የጠየቁት። የማዘጋጃ ቤቱን መኪኖች ዘይት የምቀይረው እኔ ነኝ። ነገሩ አይከብድም። ጣሳው ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ በመካከላቸው ደብሊው የምትባል የፈረንጅ ፊደል ትቀመጣለች። ከፊደሏ በፊት ያለው ቁጥር የብርዱ ነው፤ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል ማለት ነው። ከፊደሏ በኋላ ያለው የሙቀቱ ነው፤ ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል። እርስዎ 5 ደብሊው 30 የሚለውን ይግዙ። ቀጭን ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ እዚህ ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ነው። የእኛ ክረምት አፍንጫ ያደርቃል፤ ከዚያ ብርድ ሞተር የሚያስነሳ ዘይት ቡሬ ላይ ምን ይሳነዋል?

ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ለሾፌሩ ለደረሰ ይስጡት። ሾፌሮች የለመዱትን ነው የሚወዱት፤ እንዳይከራከርዎ የካናዳ ባለሙያ ነው ያለው ይበሉት። ሌላ የሚያስፈልግዎ ነገር ካለም ይጻፉልኝ።

እጅ ነሥቻለሁ።
ልጅዎ ወንዳወቅ


ቡሬ፣ ኅዳር 26 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንዳወቅ

ጤናህ እንዴት ነው? አየሩስ? እኛ ደህና ነን። ማሩ ዘንድሮ ጥሩ ወርዷል፤ ከግሽ ዓባይ የሚመጣው ነጩ በተለይ ሰው ያስመኛል።

ቁጥርህን ይዤ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ባለሱቁ ፈልጎ ፈልጎ ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ጣሳ አወጣልኝ። ክዳኑን አስከፈትኩና ጣቴን ነከርኩበት። ኧረ ልጄ፣ ውሃ ነው! ማር እንደዚያ ሆኖ ቢመጣልኝ ሻጩን ከነቅሉ ከደጄ ነበር የማባርረው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማር የገዛሁት በጣቴ ነው። ነክሬ አነሳለሁ። ከጣቴ የሚወርደው የማር ክር ቶሎ ከተበጠሰ ውሃ ወይም ስኳር ገብቶበታል፤ ሳይበጠስ ቀስ ብሎ ከወረደ ንጹሕ ነው። በዚህ ጣት እስከ ዛሬ ማንም አላታለለኝም። ካናዳ ላይ ግን አንተን ሳያታልሉህ አልቀሩም።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ያለውን ጣሳ ሁሉ አስከፈትኩት። ባለሱቁ፣ «እትዬ፣ ገበያተኛ አስቀሩብኝ» እያለ ሲያጉረመርም ቆየ። በመጨረሻ የፈለግሁትን አገኘሁ። ጣቴን ባነሳ ክሩ እስከ ወገቤ ወረደ፣ አልተበጠሰም። ቁጥሩ 140 ነው። እስቲ ካንተ 30 ጋር አስተያየው! ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፣ አልዋሽህም፤ እኔ ግን ልበላው አይደለም። ባለሱቁ «ለምንድን ነው የፈለጉት?» ሲለኝ «ለመኪናዬ ነዋ» አልኩት፤ እሱም ዝም ብሎ ሸጠልኝ። የቀድሞውን ዘይት አስወጥቼ ይህን ሞላሁላት። ይኸው ዳማ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ ጨዋ ሆና ትሄዳለች።

የሚያስፈልግ ካለ ብለህ ነበር። ገንዘብ አልፈልግም። ሶሉ ስስ የሆነ፣ ተረከዝ የሌለው የቆዳ ጫማ ቁጥር 37 እና የፀሐይ መነጽር ላክልኝ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። ሾፌሩ ደህና ነው።

ጤናና ዕድሜ ይስጥህ።
አክስትህ አቻምየለሽ


ዊኒፔግ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

እቴቴ፣ ሰላምታዬን በሌላ ደብዳቤ አሟላለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

140 የሞተር ዘይት አይደለም፤ የካምቢዮ ዘይት ነው። ያ የእንቁላል ሽታም የእሱ ምልክት ነው። የተሠራው ማርሾቹ ሲፋተጉ እንዳይበላሉ ነው እንጂ በሞተር ጠባብ ቧንቧ ውስጥ እንዲሮጥ አይደለም። በቀን ሙቀት ቡሬ ላይ ደህና የሄደች ሊመስልዎ ይችላል። ብርድ ባለበት ጠዋት ያስነሷት ዕለት ግን ዘይቱ ከሥር ረግቶ ይቀራል፣ ላይኛው የሞተር ክፍል ደርቆ ብረት ብረትን ይበላዋል። ደብዳቤዬ በደረሰዎት ሰዓት ያስወጡት። ቡሬ ስልክ ቤት ደጋግሜ ሞከርኩ፤ መስመሩ አልገባልኝም።

የእኔም ምክር ትክክል አልነበረም። ቸኩዬ ለዊኒፔግ የሚሆነውን ነገርኩዎ እንጂ ስለ ቡሬ አላሰብኩም። ያረጀ የናፍጣ ሞተር በዚያ በቀጭኑ ዘይት የዓባይን ዳገት ቢወጣ ዘይቱ ግሎ ይሳሳና ብረቱን አይሸፍነውም። ኩራቴ ነው አፌን ያስከፈተኝ። አሁን በደንብ አስቤ እንድመልስልዎ ይጻፉልኝ፤ ማር ለመጫን የምታድርበት አገር ጠዋት ውርጭ አለው ወይ? ጭሷስ ምን ዓይነት ነው? ዘይት ትጨርሳለች?

ሌላ አንድ ነገር። እህቴ ሠርክአዲስ ደረሰን ባሕር ዳር ሚኒባስ ሲነዳ አየሁት ብላ ጻፈችልኝ፤ ያውም በጥቅምት ነው ያየችው። ታዲያ ዳማን የሚነዳት ማን ነው? በ37 ቁጥር ጫማ የሚነዳ ወንድ ሾፌር እኔ አላየሁም።

ወንዳወቅ


ቡሬ፣ ጥር 16 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንዳወቅ

የጥምቀት በረከት ይድረስህ። ከኅዳር ወዲህ ቃልህ አልደረሰኝም፤ ፖስታ ቤቱ ይሁን አንተ ተቀይመህ አላውቅም። ብትቀየምም ስማኝ።

ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ተሳላሚዎች ጭኜ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ወጣሁ፤ ስመለስ ማር ልጭን ነበር። አስናቀውም መጥቶ ጋቢና ገባ። ለበረከት ነው አለኝ። እኔ ግን ሊገዛት ያሰባትን መኪና ሊያያት እንደመጣ ገብቶኛል። አድረን በማግስቱ ስንነሳ ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሯ እያቃሰተች፣ ስንት ጊዜ ተለምና ተነሳች። ቀዩዋ የዘይት መብራት ግን አልጠፋ አለች፤ ከላይም ሙቀጫ ውስጥ ጠጠር የሚወቅጡ የሚመስል ድምፅ መጣ። ወዲያው አጠፋኋት።

አጠፋኋት ነው ያልኩህ። ሾፌሩ አጠፋት አላልኩህም። ሾፌሯ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ደረሰ የሚኒባስ ሥራ አገኘና በጥቅምት ትቶኝ ሄደ። ሌላ ልቅጠር ብል አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ «ከሴት ትእዛዝ አልቀበልም» ይላል። ባሕር ዳር ሄጄ ተማርኩ። የፈተናው ዕለት ፈታኙ፣ «እማማ፣ ልጅዎን ከሆነ የሚጠብቁት ጥላው ሥር ይቀመጡ» አለኝ። በመጀመሪያው ፈተና ወደ ኋላ ስነዳ በርሜል ገጭቼ ወደቅሁ። በሁለተኛው አለፍኩ፤ መንጃ ፈቃዴን ሲሰጠኝ ያው ፈታኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የሰጠኝ። ዝም ያልኩህ አፍሬ እንዳይመስልህ። አዲስ አበባ ደርሼ ከዚያ ልጽፍልህ ነበር፣ ላስደንቅህ።

ወደ ውርጩ ልመልስህ። ሞተሩን አጥፍቼ ምን ላድርግ እያልኩ ስቆም፣ ማር የገዛሁበት ሰውዬ ማሰሮውን ገልብጦ ይታገላል። ማሩ ደንድኖ አልወርድ ብሏል። «ፀሐይ ይሙቀውና ይወርዳል» አለኝ። ያን ጊዜ በራሴ ተናደድኩ። የሰከላ ጠዋት ያደነደነው ማር ዓባይ በረሃ ላይ ውሃ እንደሚሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ማር ስገዛም በየትኛው አገር፣ በየትኛው ሰዓት እንደነካሁት አስቤ ነው የምፈርደው። ዘይቱን ግን ፍኖተ ሰላም ላይ በቀትር ነክቼ፣ ወፍራም ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ብዬ ፈረድኩለት። የማር ዳኝነቴን ለብረት አመጣሁት።

ከሥር ብንከፍተውም ዘይቱ አልወጣ አለ፤ እስከ ቀትር ጠብቀን ፀሐይ ሲያገኘው ነው እየተጎተተ የወረደው። ተስፋው የሚባል የመንደሩ ባለወፍጮ የወፍጮውን ሞተር ዘይት ሰጠኝ፤ ቁጥሩ ባዶ 40 ነው፣ ፊደል የለውም። አስናቀው ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «ዋጋዋን ልጥራ እንግዴህ?» አለኝ። ተሳላሚው ሁሉ ይሰማል። «ፋሲካ መች ደረሰና?» አልኩት። በልቤ ግን ብትሞትስ እያልኩ ነበር። አዲሱን ዘይት ሞልቼ አስነሳኋት። መብራቷ ጠፋች። መንኳኳቱም ጠፋ። ቶሎ በማጥፋቴ ተረፈች። ለጆሮዬ ምስጋና ይግባውና ያን ቀን ማሬንም ሰዎቼንም ይዤ ቡሬ ገባሁ።

ባዶ 40ው እዚህ ይበቃታል። ጠዋት ሰከላ ላይ ግን አሁንም ያዘገያታል፣ እሰማዋለሁ። አሁን የምጠይቅህን አስበህ መልስልኝ፤ በውርጭ ጠዋት ቶሎ የሚሮጥ፣ በበረሃ ግን የማይቀጥን ዘይት አለ ወይ? በማር እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለ ጭሷ ብትጠይቀኝ ትንሽ ሰማያዊ ነው፤ አሮጊት ናት፣ ጥቂት ዘይት ትቀምሳለች።

አክስትህ አቻምየለሽ


ዊኒፔግ፣ የካቲት 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለሾፌሯ ለእቴቴ አቻምየለሽ

እግዚአብሔር ይመስገን! ዳማ ከውርጩ መትረፏን እስካገኝ ድረስ መስመር እየዘለልኩ ነው ያነበብኩት። «ሾፌሯ እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ደግሞ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሥቼ ቆምኩ። ለማን ልንገር? ባለቤቴን ጠርቼ አነበብኩላት። እሷም «ጫማው ለዚህ ነው!» አለች። ከእኔ ቀድማ ገባት።

የሚጠይቁት ዘይት አለ። የታኅሣሡ ደብዳቤዬ ሳይደርስዎ፣ እኔ ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብኝን እርስዎ ራስዎ ጠይቀው፣ መልሱን ከነምክንያቱ አስቀመጡልኝ፤ የቀረኝ ቁጥሩን መንገር ብቻ ነው። 15 ደብሊው 40 ይበሉ፣ ጣሳው ላይም ለናፍጣ ሞተር የተባለውን ይምረጡ። 15ቱ ለሰከላ ጠዋት በቂ ነው፤ የእኔ 5 ለእኛ በረዶ ነው የተበጀው። 40ው በዓባይ ዳገት ላይ ውፍረቱን ይጠብቅልዎታል፤ ላረጀ ሞተርም የሚስማማው እሱ ነው። ከሞሉት በኋላ ቶሎ ቢጠቁር ተበላሸ ብለው እንዳይጥሉት። የናፍጣን ጥቀርሻ እያጠበ ስለሚይዝ ነው የሚጠቁረው። ትቀምሳለች ስላሉኝም ዳገቱን ከመጀመርዎ በፊት ሜዳ ላይ አቁመው፣ መለኪያውን ጠርገው ይዩት።

ጫማውንና መነጽሩን ያምሮት የምትባል እዚህ የምትኖር የአገራችን ልጅ ለበዓል ስትመጣ ይዛልዎት ትመጣለች። አሁን አንድ ልመና አለኝ። የዓባይን በረሃ ብቻ ሌላ ሾፌር ይውሰድልዎ። ደጀን ላይ ይቅጠሩ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ያሰናብቱት፤ የሚከፈለውን እኔ እልካለሁ። ያ ቁልቁለት ስንቱን ሾፌር በልቷል። ስለ እርስዎ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እግርዎን ስሜ እለምናለሁ።
ልጅዎ ወንዳወቅ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወንዳወቅ

ከየት እንደጻፍኩልህ ከላይ አይተሃል። እንግዲህ እንቅልፍ ይውሰድህ።

ልመናህን አነበብኩት፣ ከፍቅር እንደመጣም አውቃለሁ። ሌላ ሾፌር ግን አልቀጠርኩም። በጽዋ ፊት ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው ሊወጣልኝ አይችልም።

ዘይትህን ከደብረ ማርቆስ አስመጣሁት። ሰከላ ላይ በጠዋት አስነሳኋት፤ ቁልፉን ከማዞሬ መብራቷ ጠፋች። ማሩን ጭኜ ቡሬ ስመለስ አስናቀው መንገድ ላይ ጠበቀኝ። «አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የቆመችበት ቦታ ላይ እንዋዋላለን» አለ። ግባ አልኩት።

ደጀን ላይ አቁሜ መለኪያውን ጠርጌ አየሁ፤ ልኩ ላይ ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑን ሳላሰቃየው ወረድኩ። አስናቀው ደጋፊውን ጨብጦ ይጸልያል። ድልድዩን ስንሻገር አየሩ የምድጃ አፍ ሆነ። ዳገቱ ላይ ከእኛ የገዘፉ መኪኖች አፋቸውን ከፍተው፣ በእንፋሎት ተከበው መንገድ ዳር ቆመዋል። እኔ ሞተሯን እሰማለሁ፤ እሱ መብራቷን ያያል። ልሸጥለት የሚጠብቃት መኪና ናት፣ እሱ ግን ዓይኑን ከመብራቷ አላነሳም። አንድ ጊዜ መታጠፊያው ላይ ማርሽ ስቀይር መብራቷ ብልጭ ያለች መሰለኝና እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። «ፀሐይ ናት፣ ፀሐይ ናት፣ ንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጎሃ ጽዮን ላይ ነፋሱ ሲነካን ነው እጄ በላብ እንደራሰ ያወቅሁት።

ኬላው ላይ ትራፊክ አስቆመን። በመስኮቴ በኩል አየኝ፣ ከዚያ እኔን አልፎ አስናቀውን፣ «መንጃ ፈቃድ» አለው። እኔ የራሴን ላወጣ ስል አስናቀው ቀደመኝ። «እኔ መንዳት አላውቅም። ሾፌሯም ባለቤቷም እሷ ናት። የወንድሜ ሚስት ናት! ከቡሬ ነው ያመጣችን» አለ። ከኋላችን የተሰለፉት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው። ትራፊኩ መንጃ ፈቃዴን አየና ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን።

ብዙ ሄድን። የማኅበሩን ቃል እሱም አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁበትም። ፍቼ ልንገባ ስንል፣ «አቻምየለሽ፣ ንጋትን አስተምሪልኝ» አለኝ። ንጋት የመጨረሻ ልጁ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች።

«ምን ላስተምራት?»

«መንዳት ነዋ! እንዳንቺ ትንዳ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ትንሽ ላስጠብቀው፣ ትንሽ ላስለምነው ነበር ሐሳቤ። እሱ ግን በመስኮት እያየ ጋቢውን ዓይኑ ላይ ሲያደርግ አየሁት። ቸኮለ ቢኖር ብዬ አሰብኩ፣ የእኔም ዓይን ሞላ። መንገዱን እንዳልስት መሪዬን አጥብቄ ያዝኩና «ትምጣ» አልኩት።

ፋሲካን በሰላም ያድርስህ።
አክስትህ አቻምየለሽ